የድንበሩ ሣር

የእኛን ማሳ ከጎረቤታችን ማሳ የሚለየው ድንበር በልጅነቴ ሁለት በሬ ጎን ለጎን ያሳልፍ ነበር። መሐል መሐሉን ወሰን ድንጋይ የተተከለበት ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጉልበት ይደርሳል፤ አባቴና ጎረቤታችን ተጠራርተው በአንድ ቀን ያጭዱትና እኩል ይካፈሉታል። እኛ እረኞቹ ከአጨዳው በፊት ተደብቀን ጥጃ እናበላበት ነበር። ያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ በባሶና ወራና አልፎ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ይኸው ነበር፤ ገብስ፣ ሣር፣ ባቄላ፣ ሣር፣ ስንዴ፣ ደግሞ ሣር።

ዛሬ ያ ድንበር አንድ እግር አያስቆምም። ይህን ያደረገው እገሌ ነው የሚባል ሰው የለም። በየዓመቱ ሞፈሩ ሲዞር አንድ ትልም ከወዲህ፣ አንድ ትልም ከወዲያ እየተነካ አለቀ። ሁለቱ ቤተሰቦች በዚሁ ነገር መጀመሪያ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ቆሙ፣ አሁን ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። የሁለቱንም ወገን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ መጥፎዎች አይደሉም። አባቶቻቸውም ሣሩን የተዉት ደግ ስለ ነበሩ ብቻ አልነበረም፤ መተው የሚያስችል መሬት ስለ ነበራቸው ነው።

አባቴ ስምንት ጥማድ ነበረው፤ በሄክታር ሁለት መሆኑ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅድ ነበር፤ እኛ አገር ያን ያህል የደረሰው ሰው ግን አላየሁም። ከአባቴ በኋላ ሁለት ወንድሞቼ አራት አራት ጥማድ ያዙ። ታላቅ ወንድሜ አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አለው። ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ አይሞላም። አንድ ጥማድ ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚያጠናቅቀው መሬት ነው። በዚያ ላይ ሚስት አግብቶ፣ ጎጆ ወጥቶ፣ ልጅ አሳድጎ መኖር እንዴት እንደሚቻል የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ዱሮን ግን አላቆነጅም። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አምስት አሳደገች። አራቱን ምን እንደ ወሰዳቸው ስትጠየቅ «ኩፍኝ»፣ «ትክትክ»፣ «ሆዱን አሞት» ትል ነበር፤ ለአንደኛው የምትሰጠው ስም እንኳ አልነበራትም። በሰፈራችን ልጅ ያልቀበረች እናት አላውቅም ነበር። ከዚያ ሰፊ ሣር ጀርባ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕፃናት መቃብር ነበረ። ብዙ የተወለደው ጥቂቱ እንዲተርፍ ነው፤ ከተረፉት አንዱ ቄስ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ገበሬ ይሆናል፤ መሬቱም ለዚያ ቁጥር በቂ ነበር።

ያ ሒሳብ ፈርሷል፤ መፍረሱም በዕድሜዬ ካየሁት መልካም ነገር ሁሉ ይበልጥብኛል። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 67 ደረሰ። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ተሸክመው፣ ያንን ጭቃና ቁልቁለት በእግራቸው እየወረዱ ነው ይህን ያደረጉት። የወንድሜ ሚስት ከአምስቱ ልጆቿ አንዱንም አልቀበረችም። እናቴ በሕይወት እያለች ይህን ስታስብ «ዘመንሽ ተባርኳል» ትላት ነበር።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ልጁ ዳነ፤ የሚበላው፣ የሚነደው፣ የሚታረሰው ግን እንደ በፊቱ ቀረ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም ቆጠራ የሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን 560 ሺህ ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም 1 ሚሊዮን 837 ሺህ ሆነ። ኢትዮጵያ በዚያው ዘመን ከ53 ሚሊዮን ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ አደገች፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን በላይ ያደርገናል። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይደረግ ይላል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን እየተላለፈ ዛሬ ደርሰናል። ስንት ልጅ ስንት ትምህርት ቤት እንደሚፈልግ በግምት የሚወስን አገር ሆነናል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጭማሪውን የተሸከመው መሬቱ ነው፤ የተሸከመውም ከራሱ አካል እየቆረሰ ነው። መጀመሪያ የሄደው ዕረፍቱ ነበር። በደጋው ገብስ አገር መሬት ዕዳሪ ይተዋል፤ ቀዝቃዛና ውኃ የሚያቁሩ አንዳንድ ማሳዎች ከ10 ዓመት በላይ ሣር ሆነው ይቆዩና አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተከምሮ፣ ተቃጥሎ ገብስ ይዘራበታል። አያቴ «መሬትም ጾም ፍስክ አለው» ይሉ ነበር። ዛሬ ማሳውን አንድ ዓመት አሳርፈው ማለት ለወንድሜ «ዘንድሮ አትብላ» ማለት ነው። ባቄላና ገብስ ማፈራረቁም እየጠበበ መጣ። በባቄላው ላይ ደግሞ ቆርምድ የሚሉት በሽታ ገብቶ ቅጠሉን እያቆረፈደ ብዙ ማሳ ባዶ አስቀርቷል፤ የባቄላ እሸት ለመንገደኛ ይሰጥ የነበረበት አገር ዛሬ ባቄላ ከገበያ ይገዛል።

ቀጥሎ የሄደው እበቱ ነው። ስለዚህ ነገር በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከተማ ያደገ ሰው ኩበትን የድህነት ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። እናቴ ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲጠነክር የበረቱን እበት ከገለባ ጋር ታቦካዋለች፤ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት በባዶ እጇ ነው የምታቦካው። ከዚያ እየጠፈጠፈች በድንጋዩ ካብ ላይ ትለጥፋለች። ሲደርቅ አምስቱ ጣቶቿ በእያንዳንዱ ኩበት ላይ ታትመው ይቀራሉ። የደረቀውን ክብ አድርጋ ትከምርና ዝናብ እንዳያስገባ ከላይ ደግሞ በእበት ትለቀልቀዋለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ያ ክምር ቤታችንን ያሞቅ፣ ጠላውን ያስጠነስስ፣ እንጀራውን ያስጋግር ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁሉም እበት አይነድም፤ ከቤት ጀርባ ያለው ማሳ ድርሻ ነበረው፤ እዚያ የሚዘራው ገብስ ከሌላው ይለያል፤ ዘለላው ያጎነብስ ነበር።

ዛሬ ሁሉም ይነዳል። ዛፉ ሲያልቅ እበቱ ወደ ምድጃ ሄደ፤ እበቱ ከማሳው ሲቀር ምርቱ አነሰ፤ ምርቱ ሲያንስ ሣር የነበረው ሁሉ ታረሰ፤ ሣሩ ሲታረስ ከብቱ ቀነሰ፤ ከብቱ ሲቀንስ እበቱም አነሰ። ወንድሜ ጉድለቱን በማዳበሪያ ሊሞላ ይሞክራል፤ የማዳበሪያውን ዋጋ ለመክፈል የሚሸጠው ደግሞ በግ ነው። ጭሱን የምትውጠው ሚስቱ ናት። መስኮት በሌለው ቤት የኩበት ጭስ ውስጥ ስትውል ዓይኗ ይቀላል፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ያንኑ ይተነፍሳል። ክትባት ከኩፍኝ ያዳነውን ልጅ የሳምባ ምች በምድጃው በኩል ይጠብቀዋል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ አንዲት ጥድ የሚባል አካባቢ አለ። ከ1974 ዓ.ም ጀምሮ በስዊሱ ተመራማሪ በሃንስ ሁርኒ መሪነት በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ሥር እዚያ ተፋሰስ ላይ ዝናቡና ጎርፉ፣ የሚታጠበውም አፈር ሲለካ ኖሯል። ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች በተሰበሰበው መረጃ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። አዲስ የሚፈጠረው አፈር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አንድ የታረሰ ተዳፋት ላይ ድንበሩ ሣር ከሆነ ሣሩ ጎርፉን ይሰብረዋል፤ አፈሩን ይይዘዋል፤ ቀስ በቀስም እርከን ይሆናል። ስለዚህ አባቶቻችን ለከብት ብለው የተዉት ያ ድንበር ማሳውንም ይጠብቅ ነበር። የተገፋችው አንዲት ትልም ለአንድ ዓመት ጥቂት እፍኝ ገብስ ሰጠች፤ ከዚያ ወዲያ ከላይኛው ማሳ የሚመጣው ጎርፍ የሚያቆመው አጣ።

አንኮበር ላይ ደግሞ ነገሩ በጫካው ይታያል። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወፍ ዋሻን ወደ ታች ያየ ሰው ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን አንድ ላይ ያያል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን እንዲጠበቅ አደረጉት እየተባለ ሲነገር የኖረ ደን ነው። ጫፍ ጫፉ ግን በየዓመቱ ይሸረፋል። ማገዶ ወደ ጎረቤላና ወደ ደብረ ሲና ገበያ ተሸክመው የሚሄዱትን ሴቶችና ልጃገረዶች በጠዋቱ ብርድ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል። «ደን አትቁረጡ» የሚል ሰሌዳ ከአጠገባቸው ቆሟል። ለእነርሱ ሌላ ማገዶ፣ ሌላ ገቢ ሳያዘጋጁ ሰሌዳ ብቻ መትከል ለእኔ ሥራ አይባልም።

የሸዋ ነገሥታት ዘመን ሌላ መውጫ ነበረው። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መቀመጫ ነበረች፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የአዲሲቱ ከተማ ማገዶ ሲያልቅ መቀመጫውን ወደ አዲስ ዓለም የመውሰድ ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ድሮ አንድ ቦታ ሲደክም ሰው ይነሣል፤ ሠራዊቱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ገበሬውም ጭምር። ዛሬ የሚነሣ ሰው የሚሄድበት ባዶ አገር የለም። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ መንግሥት 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከእኛም አገር ተጭነው የሄዱ ነበሩ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ዓመታት አሳልፈዋል፤ ከመካከላቸው ወላጆቻቸው በዚያ ሰፈራ የሄዱ አሉ። መሬት ጠቧል ተብሎ የተነሣው ሰው ልጅ ሁሉን ጥሎ፣ መሬቱ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ወደ ጠበበበት አገር ተመለሰ።

ከተማዋም ራሷ ያን ያህል ሰው ጠብቃ አልተሠራችም። በ1987 ዓ.ም ደብረ ብርሃን 38 ሺህ 717 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም 65 ሺህ 231። በዚያው በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከታትለው መጡ። ይህን እንደ በጎ ነገር ነው የማየው። አንድ ጥማድ የማይበቃው ልጅ ደመወዝ የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ የወንድሜም ሁለተኛ ልጅ ፋብሪካ ገብቷል። ነገር ግን ግንባታው ያረፈው ገብስ ላይ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ የሚወርደው በሬሳ ወንዝ ላይ ነው። እኛ በሬሳ ወርደን ልብስ አጥበን፣ ጠጥተን፣ ገላችንን ታጥበን እንመለስ ነበር። ዛሬ ከከተማው በታች ያለ ገበሬ ከብቱን እዚያ ለማጠጣት ያመነታል።

ስለ ምግቡ ልናገር። በልጅነቴ ቁርሴ በሶ፣ ምሳዬ ሰነፍ ቆሎ በኪሴ፣ እራቴ የገብስ እንጀራ በሽሮ ወይም በጾም ቀን በእልበት ነበር። ወተት ከነበረ ቀድሞ የሚሰጠው ለልጅ ነው። ዛሬ ወተቱ ጠዋት በጀሪካን ወደ መኪና መንገድ ይወጣል፤ እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል፤ በገንዘቡ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተርና ማዳበሪያ ይገዛል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኙ፤ በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። አገሩ እህል የሚያበቅል፣ ከብት የሚያረባ አገር ነው። መቀጨጭ የሚመጣው ከእህል እጦት ብቻ አይደለም፤ ከንጹሕ ውኃ እጦት፣ ከተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከተከተለ ሁለተኛ ልጅም ይመጣል። ከእናቱ ጡት በግድ የተነጠለው ልጅ ምትክ ወተቱ መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ያለ ፍርድ ጥፋቱ የሚጫንበት አንድ ሰው አለ፤ የገጠር እናት። «አይበቃትም እንዴ!» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ቁጥሩን እንይ። በ1985 ዓ.ም የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በወቅቱ 7.7 የነበረውን፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውን አማካይ የልጅ ቁጥር በ2007 ዓ.ም ገደማ ወደ 4 ለማውረድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚውንም ከ100 ሴቶች 44 ለማድረስ አቅዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም በአማራ ክልል አማካዩ 3.7 ነበር፤ ካገቡት ሴቶች ከ100 47ቱ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። የክልሉ እናቶች አገሪቱ የጠየቀቻቸውን አድርሰዋል ማለት ነው። ይህን የምሥራች የተናገረ ጋዜጣ አላየሁም። ቁጥሩ አሁንም የሚጨምረው ትናንት ከሞት የዳኑት ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ የሚሆኑበት ዕድሜ ላይ በብዛት ስለ ደረሱ ነው፤ ይህ በአንዲት ሴት ውሳኔ የሚቆም አይደለም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ቃል እኛ ቤት ሲናገሩ የሰማሁት ወንዶች ናቸው። የወንድሜ ሚስት ከአምስተኛው በኋላ በየሦስት ወሩ መርፌ መውሰድ ጀመረች። አንድ ቀን እህል እየለቀመች እንዲህ አለችኝ፦ «በቃኝ ያልኩትማ ከሦስተኛው ጀምሮ ነው፤ የሰማኝ አልነበረም እንጂ።» ወንድሜ አጠገባችን ነበር፤ አንገቱን ደፋ። በአገር ደረጃም በ2008 ዓ.ም ካገቡት 100 ሴቶች 22ቱ መውለዳቸውን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ የወሊድ መቆጣጠሪያ አይጠቀሙም ነበር።

የሰው ብዛት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብዬም አላምንም። በኬንያ ማቻኮስ በሚባል አውራጃ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቅኝ ግዛት ባለሙያዎች መሬቱ ሊጠፋ ነው ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት 60 ያህል ዓመታት ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ፤ የአፈሩ መታጠብ ግን ቀነሰ። ሰዉ እርከን ሠራ፣ ዛፍ ተከለ። ያ የሆነው መሬቱ የእርሱ መሆኑን ስላመነ፣ ናይሮቢ ቅርብ ገበያ ስለሆነችለት፣ ከቤተሰቡም አንዱ ከተማ ሠርቶ ገንዘብ ስለሚልክ ነው። እኛም ዘንድ ጓሳ ከሚባለው የመንዝ የሣር ምድር የሚማር አይጠፋም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሥር አባ ቄራ የሚባል አለቃ እየተመረጠ ጓሳው እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ፣ ሲከፈት ሣሩ በሥርዓት ይታጨድ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ። የመንዝ ገበሬ ከሌላው የተለየ ሀብታም አልነበረም። የሚጠብቀው ነገር የራሱ መሆኑን ያውቃል፣ ለሚጥሰውም ዳኛ አለው።

ስለዚህ ቅሬታዬ የሚያርፈው እናቶቹ ላይ ሳይሆን ቀሪውን ሥራ በተረከብነው ላይ ነው። ልጆቹ እንደሚድኑ ከ30 ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር፤ ፖሊሲ የተጻፈው ስለዚህ ነው። እበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ መብራትና የተሻለ ምድጃ በየጎጆው ሊገባ ይችል ነበር። የገብስ ማሳ ከመታጠሩ በፊት ፍሬ የማይሰጠው ድንጋያማ ቦታ ሊታይ ይችል ነበር። ለልጃገረዷ ትዳሯን የሚያዘገይ ትምህርት፣ ከትምህርቱም በኋላ ሥራ ያስፈልጋት ነበር። የወንድሜ ልጅ 12ኛን ጨርሳ ቤት ናት። «ጋሼ፣ እኔ መሬቱን ለወንድሞቼ ትቻለሁ፤ ሥራ ስጡኝ ነው የምለው» ትለኛለች። ሁለት ልጅ እንደሚበቃትም ያለ ማንም አስተማሪ ወስናለች።

ውሳኔዋ ግን በጤና ኬላው ላይ ይንጠለጠላል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲዘገይ፣ ከመደርደሪያው ቀድሞ የሚያልቀው ማንም የማይጮህለት ያ የሦስት ወር መርፌ ነው። ወንድሜ ሰፈር አንዲት ወጣት ሚስት ቀጠሮዋን ጠብቃ ሄዳ «አልገባም፣ ተመለሺ» ተባለች፤ ደግማ ሄደች፤ በሦስተኛው ስትሄድ ለእርግዝና ክትትል ነበር። ልጁ ተወልዷል፣ ደኅና ነው፤ ሲያድግ ግን ከአባቱ የሚደርሰው ጥማድ የለም። ለዚህ ልጅ ዛሬ ሊደረግ የሚገባው የታወቀ ነው፦ መርፌው ለእናቱ በወቅቱ ይድረሳት፣ የእሱም ክትባት አይቋረጥ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚገባበት ትምህርት ቤት ከአሁኑ ይቆጠርለት።